የሻጋታን ሙያ የተማረ እርሾ

ፖሊሶች ከጉለሌው ቤተ ሙከራችን በወሰዱኝ ጠዋት፣ አንድ ጠርሙስ እርሾም አብረው ወሰዱ። የታሰርኩት በስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነበር፤ ጠርሙሱ ግን ሌላ ወሬ ወለደ። እስር ክፍሉ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል፤ መርዝ የሚያበቅል ሽማግሌ ተብያለሁ።

ክፍሉ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነበረው። ግድግዳው አረንጓዴ ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ግን ስፈታ ሰማያዊ ብዬ እንደ ነገርኳት ትናገራለች። የማልጠራጠረው፣ ምሳ ሲቀርብ ለእኔ ቦታ እንዳልነበረ ነው። ወቅቱ የክርስቲያኖች ጾም ስለነበርና ሥጋ ስለማይቀርብ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ እንጀራ በምስር ይበላሉ፤ እኔ ጥግ ላይ ብቻዬን እበላለሁ። ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። ፈርተውኝ ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቴ ድፎ ዳቦ አመጣችልኝ። እንደ ደንቡ በር ላይ ጠባቂዎቹ ፊት ቀምሳዋለች፤ የቆረሰችበት ጠርዝ ይታያል። ለሁሉም እንዲያካፍል ለካቦው፣ ለክፍሉ አለቃ፣ ሰጠሁት። ዳቦው መሐል ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

አዲሱ ገበያ ሱቅ ያለው አንድ እስረኛ ጠየቀኝ።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩን። ጠርሙሱ ውስጥ ምን ነበር?»

የዳቦ እርሾ መሆኑን ነገርኩት። አንድ ሻጋታ ዳቦን የሚያለሰልስ ኢንዛይም ይሠራል፤ እኛ ሻጋታውን ትተን፣ ያንን ሙያ የያዘውን ጂን ብቻ ወስደን እርሾው ውስጥ አስገባን፤ ኢንዛይሙን አሁን እርሾው ይሠራልናል አልኩ።

ባለሱቁ ወደ ካቦው ዞረ። «ታዲያ እርሾው የሰው ሙያ ወስዶ ነዋ የታሰረው።»

«ግብረ አበር ነው» አለ ካቦው።

ተሳቀ። ይህ ዳቦም ከዚያ ጠርሙስ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በቤታችን እርሾ የተቦካ መሆኑን አስረዳሁ። እጁን የዘረጋ ግን አልነበረም።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። ባለቤቴ ከቆረሰችበት ጎን ቆረስኩ፤ ሳልቸኩል አላምጬ ዋጥኩ። ከዚያም ዳቦውን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ባለሱቁ ብርድ ልብሱን ሰብስቦ ትሪው አጠገብ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ከዚህ ይቀመጡ።»

ከእኔ ቀጥሎ የቆረሰው እሱ ይሁን ካቦው፣ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ባለሱቁ ሁሌም «እኔ ነበርኩ» ይላል፤ አልከራከረውም። ከተፈታን ወዲህ አልፎ አልፎ አዲሱ ገበያ ሱቁ ጎራ ስል «እርሾው እስካሁን አልተፈታም?» ይለኛል። ከዚያ ዳቦ ያወጣል፤ ጠርዙን ቆርሶ ፊቴ ይቀምስና የቀረውን በሁለት እጁ ይሰጠኛል።