የይለፍ ቃል ከሐይቁ ማዶ

ኮምፒዩተር የምትማር የጎረቤቴ ልጅ ስልኬን ልታስተካክልልኝ መጥታ «እማማ፣ የይለፍ ቃል ይምረጡ» አለችኝ። ስሙ ከየት እንደመጣ ጠየቅኳት። ድሮ አንዱን ኮምፒዩተር ብዙ ሰው ይጋራው ነበር አሉ፤ የአንዱን ሥራ ሌላው እንዳይነካበት ሲቸግራቸው ነገሩን ከወታደር ዘብ ተዋሱት። ቃሉን የመለሰ ያልፋል፣ ያልመለሰ ይቀራል። ይህን ስትነግረኝ ደስ ብሏት ነበር፤ የተማረ ልጅ አሮጊት ማስተማር ደስ ይለዋል። እኔም አዳመጥኳት። የዘቡን ነገር ግን እሷ ሳትወለድ፣ እናቷም ሳትወለድ አውቀዋለሁ።

ጣሊያን ባሕር ዳር ሲገባ እናቴ ሞታለች፤ ቤቱ የአባቴና የእኔ ብቻ ነበር። አባቴ መርጌታ ነበሩ። ድምፃቸው ወፍራም፣ ቁጣቸው ቅርብ። ከማኅሌት ሲመለሱ ገና ከሩቅ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ስለምሰማ፣ ቤቱን ለመጥረግ ጊዜ አገኝ ነበር።

ያን ጊዜ ሐይቁን ለመሻገር የጣሊያን ሹም ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት ግድ ነው። አባቴ ደሴት ላይ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ስለሚያገለግሉ ወረቀቱን አልከለከሏቸውም። እሳቸውም በዚያው ወረቀት ማዶ፣ ውሃው ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ለመሸጉት አርበኞች ጨው ያሻግሩበት ጀመር። እኔን ያስጠነቀቁኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ሳትጠየቂ አትናገሪም፤ ስትጠየቂም አታውቂም» አሉኝ።

የደንገል ታንኳ ውሃ ትጠጣለች። አንድ ጊዜ ተሻግራ ዳር ተጎትታ ፀሐይ ካልመታት እየከበደች ትሄዳለች። ስለዚህ አባቴ ማዶ አድረው፣ ታንኳዋን አድርቀው ነበር የሚመለሱት። በጊዮርጊስ ዕለት ቅዳሴ ወጥተው፣ እህል ቀምሰው፣ ጨዉን ከመጻሕፍታቸው ሥር ሸሽገው ሄዱ። ወደቡ ላይ የቆመው ጣሊያን ወረቀቱን አየና እጁን አወናጨፈ፤ እለፉ ማለቱ ነው። ዳር ቆሜ እያየሁ ነበር።

በማግስቱ አልመጡም። ከዚያም አልመጡም። በየቀኑ እየወረድኩ ሐይቁን አያለሁ፤ ከታንኳ የሚወርደው ሰው ሁሉ የሌላ ሰው አባት ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩ ሙስሊም ዓሣ አስጋሪ የአባቴን ታንኳ ከኋላቸው እየጎተቱ መጡ። ባዶዋን ነበረች፤ ውሃ ጠጥታ ጠቁራለች። ሽማግሌው አጠገቤ ቁጭ አሉ፤ እስኪመሽ አልተነሡም። ሬሳቸውን ሐይቁ አልሰጠንም።

ጣሊያኖቹ በጥይት መትተዋቸው ነው ብዬ አመንኩ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ብጠርግ ባልጠርግ፣ ወጡ ቢያር ባያር የሚቆጣኝ አልነበረም። ሰዎች ሲቆጧቸው ያለቅሳሉ፤ እኔ የሚቆጣኝ አጥቼ አለቀስኩ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ባላገር ደጃፌ መጣ። ግባ ብለው አልገባም፤ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ከአርበኞቹ ጋር የነበረ፣ አባቴ በተሻገሩ ዕለት ደንገሉ ዳር ዘብ የቆመ ሰው ነው።

እንደነገረኝ፣ የአርበኞቹ የይለፍ ቃል የዕለቱ ታቦት ስም ነበር። ጊዮርጊስ ቀን «ጊዮርጊስ»፣ ሚካኤል ቀን «ሚካኤል»። ከቀኑ ጋር አብሮ የሚለወጥ፣ ማንም የማይረሳው ቃል ነው ብለው የመረጡት ነው። ለጣሊያን ያደረው ክርስቲያን አስካሪስ ቢገምተው? ብሎ የጠየቀ የለም መሰለኝ። አባቴ ከዚያ በፊት ሲሻገሩ የሚደርሱት ገና በፀሐይ ነበር። ያን ዕለት ግን ነፋስ አዘገያቸውና ፀሐይ ከገባች በኋላ ደረሱ። ዘቡ «ማነህ? ዕለቱ?» አለ። አባቴም «ተክለ ሃይማኖት» ብለው መለሱ።

ለባላገር ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ግን ፀሐይ ስትገባ ጊዮርጊስ አለፈ፤ የነገው ተክለ ሃይማኖት ገባ። አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩት በዚህ አቆጣጠር ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ ታቦታቱን በየዕለታቸው ሲያወድሱ የኖሩት ሰው የዕለቱን ታቦት ስም አጡ።

«ሰላይ ነው ብለህ ተኮስህባቸው?» አልኩት።

«አልተኮስሁም። ተመለሱ አልኋቸው እንጂ።»

«ማን እንደሆኑ ሳታውቅ?»

ጋቢውን ፈታ፣ መልሶ ተከናነበ።

«ድምጣቸውንማ አወቅሁት እኮ። ልጄን ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው አይደሉ? ግን ቃሉን ያልመለሰ፣ ወንድምህም ቢሆን እንዳይወርድ ተብለን ነበር። ቃሉን ያምጡ አልኋቸው። ያንኑ ደገሙልኝ። እኔም ጠመንጃዬን አቀባበልሁ።»

«ሌላ ምን አሉ?»

«ታንኳዪቱ ውሃ ጠጥታለች፤ መመለስ አልችልም አሉኝ። ኋላ እየቀዘፉ ሲርቁ፣ ልጄ ብቻዋን ናት፣ ልጄ ብቻዋን ናት ሲሉ ሰማኋቸው።»

ከዚያ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ፤ «ስለ ማርያም ይቅር በይኝ» አለ። ድንጋይ ተሸክሞ የወደቀን ሰው ይቅር አለማለት በአገራችን ነውር ነው። እኔ ግን አፌ አልከፈት አለኝ። ጥቂት ጠበቀና ድንጋዩን አውርዶ ሄደ። ዓመታት ቆይቼ ይቅር ልለው ቀዬው ድረስ ሄድኩ፤ ቀብረውት ደረስኩ።