የበላቸው ግቢ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ብታውቁኝ ኖሮ አፌ አይፈታም ነበር።

አቃቂ ውስጥ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አለን፤ ፀሐፊው እኔ ነኝ። ከጦርነቱ ስንመለስ መሰብሰቢያ አልነበረንም። ከአባላቱ አንዱ ሃምሳ አለቃ በላቸው የራሱን ግቢ ለሁለት ከፍሎ፣ «ሌላ ቦታ እስክታገኙ እዚህ ሥሩ» አለን። ወረቀት አልተጻፈም። ይህን ሲል የሰማነው እኔና የያኔው ሊቀመንበር ነበርን፤ ሊቀመንበሩ ሞቷል። በላቸው እያነከሰ ብሎኬት ተሸክሞ አዳራሹን አቆመልን።

ሚስቴ ስትሞት የቤት ኪራይ ከበደኝና ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ገባሁ።

ከዓመታት በኋላ የበላቸው ልጅ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ይዛ መጣች። በላቸው ስብሰባ ላይ ተነሳ። አዳራሹን አልጠየቀም። «ቤቴ አልበቃ አለን፤ የጀርባዋን ክፍል ብቻ መልሱልኝ፣ ልጄን ላስጠጋባት» አለ። አዲሱ ሊቀመንበር ማስረጃ ጠየቀው። በላቸው ወደ እኔ ዞረ።

«ተፈራ ያውቃል። ንገራቸው እንጂ፣ ተፈራ።»

አውቅ ነበር። ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የት ልገባ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ስለ ራሴ ብቻ አሰብኩ። «አላስታውስም» አልኩ።

«በስተርጅናው የማኅበር ቦታ አማረው» አለ አንዱ። በላቸው በገዛ እጁ በሠራው አዳራሽ ውሸታም ተባለ። ከዚያ ወዲያ አዳራሹን አልረገጠም። ልጁ ቱሉ ዲምቱ ከሰው ጋር ተዳብላ ተከራየች።

መታመሙን ስሰማ እውነቱን ልነግረው ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ እጄን ያዘኝ።

«እኔኮ አልተቀየምኩህም» አለኝ። «እርጅና ነው። እኔም የልጅ ልጆቼ ስም ይጠፋኛል።»

የምሬን የረሳሁ መስሎት ነበር። እኔስ ምን አልኩ? «አዎ፣ እርጅና ነው» አልኩ። ይህኛው ከፊተኛው አይብስም? በሳምንቱ ሞተ። ከማኅበሩ ቀብሩ ላይ የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለቀስተኞቹ እንደ ደግነት ቆጠሩልኝ።

በቅርቡ የአዳራሹን ታሪክ ጻፍ ተባልኩ። «ቦታው በአባላት ጥረት ተገኘ» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

የበላቸው ልጅ ዛሬም ቱሉ ዲምቱ ናት። ሚኒባስ ተሳፍሬ ብሄድ ሩቅ አይደለም። ብነግራት ግን ክፍሉን መልቀቄ ነው። አልሄድኩም፤ የምሄድም አይመስለኝም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። በደሉን ገና አልተውኩትም።