አሸዋ ላይ የሚነበቡ ጀልባዎች

በመንደራችን ጀልባ ያለ ስም ውኃ አይነካም። ዓሣ አጥማጁ የልጁን፣ የእናቱን ወይም የሚወደውን ነፋስ ስም በጀልባው አፍንጫ ላይ በቀለም ይጽፋል።

እናት ለማለት ሁሉም «ናይ» የሚላቸው መረብ ጠጋኟ ናይ ዴሊንግ፣ በምሰሶ ላይ ከቆመው የቀርከሃ ቤታቸው ሥር የሰፈሩን ሕፃናት ማንበብ ያስተምራሉ። በዱቄት ከረጢት ጨርቅ ላይ የሚጽፏቸው ተረቶች አጫጭር ናቸው፤ በአንዱ ተረት ጥቂት ድምፆች ብቻ ይመላለሳሉ። «ሚሳ ማማን ሳመች። ማማ ሚሳን ሳመች።» ልጆቹ አብረው ያዜሙታል።

ከሁሉም አብልጣ የምታዜመው ትንሿ ኢማንግ ነበረች። አንድ ቀን የዓሣ ሥዕል ያለበትን ጨርቅ ዘቅዝቃ እንደያዘች ተረቱን አንድም ሳትስት ተወጣችው።

«ዓሣዋ በጀርባዋ ዋኘች!» ብለው ልጆቹ ሳቁባት።

ኢማንግ አንገቷን ደፋች። የትምህርት ዓመቱ ሳያልቅ ማንበብ ካልቻለች አንደኛ ክፍልን ትደግማለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት የሚጀምረው ታናሽ ወንድሟ አጠገቧ ሊቀመጥ ነው።

«ናይ፣ ለእናቴ አይንገሩብኝ።»

«ምኑን? ጆሮሽ ዓይንሽን መቅደሙን? ነገ ጠዋት ባሕሩ ዳር ነይ።»

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ባሕሩ ዳር ሆነ። ጀልባዎቹ በደረሱበት ተራ አሸዋው ላይ ይደረደራሉ፤ ተራው በየቀኑ ሌላ ነው። ናይ ዴሊንግ ስሞቹን እያገጣጠሙ የዕለቱን ተረት ይሠራሉ። ትናንት የተሸመደደው ዛሬ አይሆንም። እኔ ሽማግሌውም ዘወትር የምቀመጥበት ድንጋይ ላይ ሆኜ፣ ኢማንግ ስትቸገር መልሱን ልነግራት ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

«ማኖንግ፣ አፍዎ ይረፍ! እርስዎን ማን ፈተነዎ?» ይሉኛል ናይ ዴሊንግ፣ እንደ ታላቅ ወንድም «ማኖንግ» እያሉ።

እውነታቸውን ነው። የሸመደዱት ነገር እንደ ሕልም ራሱ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ማንበብ ግን ጭጋግ ውስጥ ቆሞ የሚመጣውን መጠበቅ ይመስለኛል።

አንድ ጠዋት ባሕሩና ሰማዩ በማይለዩበት ጭጋግ፣ ከማዶ ደሴት አንድ እንግዳ ጀልባ መጣ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው እርስ በርስ ተጠባበቁ፤ ስሙን ማንበብ የሚጀምር ጠፋ። ኢማንግ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገባች።

«አ…» አለች። «ሚ… ሃ…»

ናይ ዴሊንግ እጄን ጨበጡ፤ ዝም እንድል መሆኑ ገባኝ።

«…ን። አሚሃን።» የሰሜኑን ነፋስ የምንጠራበት ስም ነው።

ባለ ጀልባው ገመዱን እንደያዘ፣ «አንቺ፣ ማን ነገረሽ?» አላት።

«ማንም» አለች፤ በራሷ ድምፅ የደነገጠች ትመስላለች። ከዚያም ውኃውን እየረጨች፣ እናቷን እየተጣራች ወደ ቤት ሮጠች።