ከሽምግልና መሀል መነሳት

መሬት ተደልድሎ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ወንድማማቾች በገብስ ማሳ ድንበር ተጣሉ። ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ ጥዱ ሥር እንቀመጥላቸው ነበር። አንዱ እኔ ነኝ። ሰው አምኖ ሲጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

የኔ ጭንቅ ሌላ ነበር። ሽንቴ አጣድፎ ያስነሳኛል፤ ሄጄ ስቆም እያቃጠለ ጠብ ጠብ ብሎ ይቀራል። ከብሽሽቴ ወደ መቀመጫዬ ደግሞ አንዳች ነገር የተሰነቀረብኝ ይመስል ይጠዘጥዘኛል። ይህን ለማን ይነግሩታል? ሰው ቢሰማ ጨብጥ ነው ይላል፤ በዚህ ዕድሜው ከየት አመጣው ሊባል ነው። ለባለቤቴ እንኳ ብርድ ነው አልኳት፤ ፌጦ አጠጣችኝ። በራሴ ብልሃት ደግሞ ውሃ መጠጣት ተውኩ፣ ካልገባ አይወጣም ብዬ። ባሰብኝ።

በሦስተኛው እሑድ ከግንቡ ጀርባ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ለካ ታላቅየውም ለራሱ ጉዳይ ወደዚያው ብቅ ብሎ ኖሯል። ተመልሼ ስቀመጥ ታናሽየው ብድግ አለ።

«አባባ፣ ከጀርባ የምትነጋገሩት ለእኔም ይነገረኝ እንጂ!»

«ምን አልክ አንተ?»

«እኔ ስናገር ይነሳሉ፤ እሱ ይከተልዎታል። ዓይን አለኝ እኮ።»

አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ባለቀ፤ ሕመሜን ከማውራት ግን ጋቢዬን ሰብስቤ ተነሳሁ። ሽምግልናው ተበተነ። ታናሽየው ሞላሌ ገበያ ወርዶ «ሽማግሌው ተገዝቷል» ብሎ አወራ። ተገዝቷል! ስንት ጠብ ያበረድኩት ሰውዬ!

በቅሎ ጭኜ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ኮርቻው ገደለኝ። የልጅ ልጄን የምታክል ሴት «ምንዎን ያምዎታል?» ስትለኝ «ወገቤን» አልኳት። የወገብ ክኒን ይዤ ተመለስኩ። ጥፋቱ የኔው ነው፤ መንገዱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ መጣሁ።

በሁለተኛው ጊዜ ወንድ ገጠመኝና ሁሉንም ተናገርኩ። ሽንቴን አስመረመረኝ። ሌላውን እንዴት እንደመረመረኝ አልጽፍም።

«አባባ፣ ጨብጥ አይደለም። ከፊኛዎ ሥር የሽንት መውጫውን የከበበ እጢ አለ፣ ፕሮስቴት ይባላል። እሱ ነው የተቆጣው።»

«ስልሳ ዓመት ይዤው ስዞር ስሙን ሳልሰማ?»

«ካልታመመ ማን ያነሳዋል!»

የሰጠኝን ክኒን ቢሻለኝም እንዳላቋርጥ፣ ውሃ እንድጠጣ፣ ሽንቴን እንዳልይዝ፣ አረቄና በቅሎ እንድተው ነገረኝ። ቶሎ እንደማይለቅም አልደበቀኝ፤ ካልተሻለኝ ወደ ደብረ ብርሃን ሊልከኝ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ሁሉንም አስጠርቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ሕመሜን በጉባኤ ተናገርኩ። ታናሽየው ሰማኝና «እንግዲያው ሲነሱ ከሁለታችንም በኩል ሰው ይከተላቸው» አለ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ! ደሜ ፈላ።

ታናሽየው ቃሉን መስጠት እንደጀመረ አጣደፈኝ። ወንድማማቾቹ ራሳቸው፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ እንደ እስረኛ አጅበው ከግንቡ ጀርባ አደረሱኝና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ምንም የለም።

«ጨረሱ አባባ?» አለ ታናሽየው።

«መቼ ጀመርኩና!»

ባምጥም የለም። ሳላስበው አቃሰትኩ። ታናሽየው ዞር ብሎ አየኝ፤ በዚያ ብርድ ግንባሬን ላብ አጥምቆታል። ፊቱ ተለወጠ።

«ና፣ እንሂድ» አለው ወንድሙን። ከተጣሉ ወዲህ ሲያናግረው የሰማሁት ያኔ ነው። «ተዋቸው፣ ይቆዩ።»

ኮቴያቸው እስኪርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ ነው ጠብ ጠብ ማለት የጀመረው፣ እያቃጠለ።

ብዙ ቆይቼ ተመለስኩ። ታናሽየው ቃሉን ለመጨረስ እኔን እየጠበቀ ኖሯል፤ ስቀመጥ ካቆመበት ቀጠለ።