ያልተከፈለ የመንዳት ተራ

ኖርበርት ሼፈር ዕድሜውን ሙሉ የሰዉን ልጆች ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። የሜፕል ፎርድ ከተማን ተማሪዎች በቢጫው አውቶቡስ ጠዋት ወስዶ ከሰዓት ሲመልስ ጸጉሩ ሸበተ። አንድ የማይለቀው ልማድ ነበረው፤ ልጁ ወርዶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ገብቶ በሩን እስኪዘጋ ድረስ አይንቀሳቀስም። ከኋላው የቆሙት መኪኖች ጡሩምባ ቢነፉ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ጡረታ ሲወጣ የከተማው ሰው ኬክ ቆርሶለት፣ እጁን ጨብጦ፣ በሳምንቱ ረሳው። ሰው እንዲህ ነው፤ እስኪደርስ ድረስ ነው ሾፌሩን የሚወደው።

ኖርበርት ግን ገና ያልነዳው አንድ መንገድ ነበረበት። ለዱዌይን የሚከፍለው ተራ።

ዱዌይን ሎክ የልጅነት ጓደኛው ነው። ሁለቱ ከጉርምስናቸው ጀምሮ፣ በቆሎው ሲታጨድና ዱባው በየደጁ ሲደረደር፣ ቅዳሜ በአንድ መኪና ይወጡና የአሜሪካዋን የዊስኮንሲን ግዛት ትንንሽ ከተሞች ያስሳሉ። በየከተማው ቢራ የሚጠምቅ ሰው አይጠፋም። አንዱ በድሮ ወፍጮ ቤት፣ አንዱ በተዘጋ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ አንዱ ደግሞ ሚስቱ ከቤት ስላባረረችው በጋራዡ ውስጥ ይጠምቃል። እነሱ ገብተው ይቀምሳሉ፣ ያማርራሉ፣ ከባለቤቱ ጋር ስለ ብቅሉ ይሟገታሉ፤ ቋሊማ በሰናፍጭ በልተው ወደሚቀጥለው ከተማ ያቀናሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ የሚነዳ አይጠጣም፣ ዛሬ የጠጣ በሚቀጥለው ይነዳል። ይህን ሕግ ከጋብቻ ቃል ኪዳናቸው በላይ ያከብሩት ነበር። የኖርበርት ሚስት ሎረታ በነገሩ ትስቅ ነበር፤ «እናንተን ያጋባ ቄስ ማን ይሆን?» ትላለች።

ዱዌይንን «ዲያቆን» ብሎ የሰየመው ኖርበርት ነው። ልጅ ሳሉ ዱዌይን በቤተ ክርስቲያን ቄሱን ሲረዳ፣ ለቁርባን የተቀመጠውን ወይን ጨልጦ በመዝሙሩ መሃል አንኮራፍቷል። ከዚያ ወዲህ ቢራ ሲቀርብለት ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ብርጭቆውን ይባርካል። ኖርበርት በዚህ ቀልድ አርባ ዓመት ሙሉ ስቋል። በዚህ ስም ከእሱ በቀር የሚጠራው አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሎረታ በሞተች ሰሞን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወጡ። የመንዳቱ ተራ የዱዌይን ነበር። ኖርበርት በየደረሱበት ጠጣ፣ በየደረሱበትም አለቀሰ። ዱዌይን ደግፎ ቤቱ አስገባው፣ ጫማውን አወለቀለት፣ ብርድ ልብስ አለበሰው። ኖርበርት ይህን ውለታ አልረሳም። በወሩ ግን ዱዌይን ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«ኖርብ፣ ጉበቴ አልቋል። ሐኪሙ ጠብታ እንዳትቀምስ ብሎኛል።»

«አንተ ካልጠጣህማ እኔም አልጠጣም» አለ ኖርበርት፣ ሳያስብ።

ቃሉን ጠበቀ። ዓርብ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ለተጠበሰ ዓሣና ለቢራ ሲሰበሰብ እሱ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ «ኖርበርት መነኮሰ!» ይሉታል። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን ያጥብና መልሶ ያቆማታል። እሁድ እሁድ ለዱዌይን ጉበት ሻማ ያበራል። ለሚስቱ አንድ፣ ለጓደኛው ጉበት አንድ።

ዘንድሮ በጥቅምት መሃል ከሰፈሩ ዕቃ መሸጫ ቤት ወሬ ሰማ። ዊሎው ቤንድ በምትባል ከተማ ያለ አንድ ጠማቂ፣ አልኮል የሌለበት ጥቁር ቢራ ያወጣል፤ ከእውነተኛው አይለይም አሉ። ኖርበርት ደስታው እንቅልፍ ነሳው። ቀድሞ ሄዶ ይቀምሰዋል፤ ጥሩ ከሆነ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዲያቆኑን ይዞ ይመጣል፤ ተራውንም ይከፍላል። ቅዳሜ ጠዋት ደወለለት።

«ዛሬ ምን ትሠራለህ?»

«ምን እሠራለሁ፣ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜያለሁ። ትንሽ አሞኛል።»

«አይዞህ ዲያቆን። የማሳይህ ነገር አለኝ።»

የዊሎው ቤንዱ ቤት ድሮ አይብ ፋብሪካ ነበር። ትልልቆቹ ጋኖች ከመስታወት ጀርባ ይታያሉ፤ ግድግዳው ላይ የደንበኞች ኩባያዎች በየሜንጦው ተሰቅለዋል፣ እያንዳንዱ ስም ተጽፎበታል። የአንዱን ኩባያ ሌላው አይነካውም። ካሪን የምትባል ቀልጣፋ ሴት ጥቁሩን ቢራ ቀዳችለት። ቀመሰው። ዓይኑን ጨፍኖ ደገመው።

«ይኼ እውነት አልኮል የለበትም?»

«ከእናት ጡት ወተት አይብስም፣ አባት። ለራስዎ ነው?»

«ጓደኛዬ ታሞ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቢራ በዓይኑ አላየም፤ ይዤው ልመጣ ነው።»

«ወይ መታደል! እኔ ብታመም ባሌ እዚች ድረስ አይነዳልኝም።»

ኖርበርት በኩራት ደረቱ ተነፋ። ቀና ብሎ ኩባያዎቹን አየና ሐሳብ መጣለት።

«ልጄ፣ እስኪ ለእሱ አንድ ኩባያ አዘጋጂልኝ። ሲመጣ ተሰቅሎ ይጠብቀው።»

«ምን ብዬ ልጻፍበት?»

«ዲያቆን በይበት።»

ካሪን ሳቀች። «ኧረ ሌላ ይምረጡ! ዲያቆንማ አለን።» ወደ ግድግዳው ጠቆመች። እውነትም ተጽፏል፤ ኩባያውም ጠርዙ በአጠቃቀም ብዛት ተሸርፏል። «ቁመተ ረጅሙ ሰውዬ ነው። ከመጠጣቱ በፊት ተነሥቶ ቢራውን ይባርከዋል፤ ቤቱ በሳቅ ያልቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእነ ጋስ ጋር አይቀርም። አሁን ይደርሳሉ።»

«ምንድን ነው የሚጠጣው?» አለ ኖርበርት።

«ከሁሉ ጠንካራውን ነዋ!»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ኖርበርት ብርጭቆውን ይዞ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። ሌላ ዲያቆን ይሆናል አለ በልቡ፤ ረጅም ሰው ሞልቷል አለ። እንዲያ ሲል ግን ራሱን እያባበለ እንደሆነ ያውቀዋል።

በሩ ተከፈተና ዱዌይን ሦስት ሰዎች አስከትሎ ገባ። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፣ ሞላ ብሏል፣ አምሮበታል። ካሪን ኩባያውን አውርዳ ሞላችለት። ተነሣ፣ እጁን ዘረጋ፣ ባረከ፤ ቤቱ ሳቀ። ኩባያውን ወደ አፉ ሲያነሣ ከኖርበርት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመ።

«ጉበትህ እንዴት ዋለ?» አለ ኖርበርት ከጥጉ።

ዱዌይን ኩባያውን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ጋስ የተባለው ወፍራም ሰውዬ ዞር ብሎ አየ።

«ዲያቆን፣ ማነው እሱ?»

«እ... የሰፈሬ ሰው ነው» አለ ዱዌይን።

ኖርበርትን ከውሸቱ ሁሉ ይልቅ ይህ ቆረጠው። ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ዱዌይን መኪናዋ ዘንድ ደረሰበት፤ እያለከለከ ነው።

«ቆይ እንጂ ኖርብ! ስማኝ።»

«የሰፈርህን ሰው ምን ልታሰማው?»

«ምን ልበልህ ታዲያ? በየብርጭቆው ስለ ሎረታ ታለቅስ ነበር። እኔም እወዳት ነበር፣ ግን ደከመኝ። አንድ ቅዳሜ እንኳ መሳቅ አማረኝ።»

«እኮ ንገረኛ! ‹ሰለቸኸኝ፣ ልቅሶህን ቤትህ አልቅስ› በለኛ! ለጉበትህ እኮ ሻማ ሳበራ ነው የከረምኩት፣ አንተ ሰውዬ!»

«ሆዴ አልጨከነም።»

«ለመዋሸት ጊዜ ግን ጨከነ። ስሙንስ? ያን ስም ለእነሱ ምን ብለህ ሰጠሃቸው?»

ኖርበርት የመኪናውን በር ከፈተለት።

«ግባ።»

«ከእነ ጋስ ጋር እኮ ነው የመጣሁት...»

«ተራው የኔ ነው። አንተ ጠጥተሃል፣ እኔ አልጠጣሁም። ግባ አልኩህ።»

ዱዌይን ገባ። በታጨደው በቆሎ መሃል ሲነጉዱ ዱዌይን ተንፈስ አለ። ይቅርታ የተደረገለት መሰለው። ስለ አሮጌው ወፍጮ ቤት ቢራ አነሣ፣ ስለ ባለ ጋራዡና ሚስቱ አነሣ፣ ራሱ ተርቶ ራሱ ሳቀ። ኖርበርት ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። በአንድ ወቅት በዚህ ሳቅ ልቡ ይሞቅ ነበር፤ አሁን የሬዲዮ ድምፅ ያህል ራቀበት።

ሜፕል ፎርድ ሲደርሱ እየመሸ ነበር። መኪናዋ ዱዌይን ደጅ ቆመች።

«እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የኔ ነው» አለ ዱዌይን፣ እየወረደ። «አንተ ትጠጣለህ፣ እኔ እነዳለሁ። እ? ልክ አይደል ኖርብ?»

«የለም። ተራዬን ከፍያለሁ፤ ከእንግዲህ ተራ የለንም» አለ ኖርበርት። ከዚያም፣ ለማያውቁት ሰው በሚነገር ትሕትና፣ «ደህና ይግቡ፣ አቶ ሎክ» አለው።

ዱዌይን ግቢው መሃል ዞሮ ቆመ። በሩ ገና ሩቅ ነበር፣ መብራቱም አልበራም። ኖርበርት ማርሽ አስገባና፣ ሰውየው ቤቱ መግባቱን ሳያይ ሄደ።