ርግብና ቀለበት ያለበት ካርድ

ልጄ ሜሮን ለሰርጓ ብላ፣ እዚህ ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ከሚባል ከተማ ማተሚያ ቤት የለቀመችውን የካርድ ናሙና ትናንት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አንዱን አንስቼ አሸተትኩት። "ዳዲ፣ ምን እያደረግህ ነው?" ብላ ሳቀች። አዲስ ቀለም ሸተተኝ፤ ከቀለሙ ሥር ደግሞ ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ሽታ መጣብኝ።

ልጅ እያለሁ አባቴ ደብረ ሲና ውስጥ ቆዳ ነጋዴ ነበር። እሱ ጥሬ ቆዳ ይገዛል፣ እኔ ጨው እነሰንሳለሁ፣ ጫኞቹ መኪና ላይ ይጭናሉ። ትምህርት ቤቱን የማውቀው በአጥሩ ነው። ከቤታችን ፊደል የለየ ሰው አልነበረም። አባቴ ያለ ፊደል ከተማ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ የተማረ ሰው ሲያይ ግን ኮፍያውን ያወልቅ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

እህቴ ዘነበች ስትዳር እናቴ "እንደ ወጉ በአፍ እንጥራ" ብላ ነበር። አባቴ እምቢ አለ። የሙሽራው ወገኖች ሀብታሞች ስለሆኑ፣ የእኛም ሰዎች እንዲታዩለት ፈለገ፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ መምህራኑ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር። ለነሱ ብሎ ከቡና ቤት መደገፊያ ያለው ወንበር ተዋሰ። የተማረ ሰው ደግሞ የሚጠራው በካርድ ነው። ማሳተም ውድ ሆነበትና ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ባለሱቅ ታትሞ የተቀመጠ ካርድ በግማሽ ዋጋ ሰጠው። ላዩ ላይ ሁለት ርግብ፣ ሁለት የወርቅ ቀለበት። አባቴ እያገላበጠ አየውና ደስ አለው። ከዚህ በላይ ምን ይነበባል?

አዳዩ እኔ ነበርኩ። እጄ ቆዳ ቆዳ እንዳይሸት እናቴ በሎሚ አሸችኝ። በየበሩ "እሁድ የእህቴ የዘነበች ሰርግ ነው፤ ኑልን ብለዋል" እያልኩ ሰጠሁ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጋሽ ንጉሤ ካርዱን ከፍቶ አነበበ፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደገና አነበበ። ፈገግ አለና "እንኳን ደስ አላችሁ በላቸው" ብሎ በሩን ዘጋ። እኔ ሞኙ ፈገግታውን እንደ ስጦታ ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ።

እሁድ ዳሱ ሞላ። ጫኞቹ፣ ጨው ሻጮቹ፣ ጠላ ጠማቂዎቹ፣ ማንበብ የማይችለው ሁሉ መጣ። የቡና ቤቱ ወንበሮች ግን ባዷቸውን ቀሩ። የሙሽራው አባት "የከተማው ትልልቅ ሰዎች የታሉ?" ብለው ሁለቴ ጠየቁ። ይሄኔ ተማሪው የሙሽራው ወንድም የተረፈ ካርድ አንስቶ አነበበና "ሶስና ደግሞ ማናት?" አለ። ካርዱ የፈረሰ ሰርግ ትራፊ ነበር። የሌሎች ሙሽሮች ስም፣ ያለፈ ቀን። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አማቶቿ ሲነካኳት ዘነበችን እስከ ዛሬ "ሶስና" ይሏታል።

አባቴ ጫኞቹን በየስማቸው እየጠራ ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ አስቀመጣቸው። ሰኞ ጋሽ ንጉሤን መንገድ ላይ አገኘነው። "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው የቀረሁ" አለ። ተረቱን አሳምሮ! ከአፌ ሰምቷል፣ አባቴን ያውቃል፣ ዳሱ ከደጁ ይታያል። ያመነው ግን ወረቀቱን ነው። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ "ይቅርታ ያርጉልኝ" አለው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት እዚህ ዳላስ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሕፃናት በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ነው። ሰዎች ለመጽሐፍ ቅዱስ ብሎ ነው ይላሉ። እልህ ነው።

ሶ፣ ትናንት ናሙናዎቹን በጣቴ እየተከተልኩ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ሜሮን ሰለቻት። "ዳዲ፣ ፔፐሩ በጣም ኤክስፔንሲቭ ነው። ቴክስት ላድርግ፤ ፍሪ ነው፣ ሰው እዚያው ይመልሳል" አለች። ለካ ለሃያ ሰው ያህል አስቀድማ ልካለች። ስልኳ ላይ የመጣላትን መልስ አሳየችኝ። "ሶሪ የኔ ቆንጆ፣ ሺፍት አለኝ።" "ኦፍ አልሰጡኝም።" "ከዴንተን ይርቅብናል፣ ኮንግራ!" ሁሉም አንብበውታል። ሁሉም የተማሩ ናቸው።

ልሳደብ አፌን ስከፍት ዓይኔ ፍሪጁ ላይ አረፈ። በሩ ላይ በማግኔት የተለጠፈ ካርድ አለ። ኤርፖርት አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሲያገባ በእጁ የሰጠኝ ነው፤ ስሜን አሳምሮ ጽፎበታል። አንብቤዋለሁ። ቅዳሜ ኦቨርታይም ነበረና "እንኳን ደስ አለህ" ብዬው ቀረሁ። ፈገግ ብዬም ነበር መሰለኝ።

"ኦኬ፣ በካርድ ይሁን፤ የቱ ይሻላል?" አለች ልጄ።

"ርካሹ። ብቻ ርግብና ቀለበት ይኑርበት፣ ትልቅ ሆኖ።"

"ርግብ? ዳዲ፣ ፕሊስ! ኦልድ ፋሽን ነው።"

ነው። ቢሆንም በየበሩ ይዤው የምዞረው እኔ ነኝ፤ ከፍሪጁ ካርድ ባለቤት እጀምራለሁ። እንደ ያኔው በአፌ እናገራለሁ፦ የልጄ ሰርግ ነው፣ ኑልን። ያኔ ርግቧን አይተው፣ የልጅ አፍ አምነው የመጡት ዓይነት ሰዎች በዚህ አገር ተርፈው እንደሆነ እስቲ ልየው። ወንበሩ ባዶ ከቀረ ግን የማስቀምጥበት ጫኝ የለኝም።