ሴትዮዋ የምትመለስበት ፊልም

አሮጌ ፊልም ሲጀምር፣ ሥዕሉ ገና ሳይመጣ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ የሚንሿሿ ድምፅ አለው፤ ከዚያ ቫዮሊኖቹ ይከተላሉ። ያን ድምፅ ዛሬም የትም ቦታ ስሰማው ትከሻዬ ሳላዝዘው ይሰበሰባል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሊንደን በሚባል ሰፈር በነበረው ጠባብ አፓርታማችን፣ ሶፋው ላይ ከአክስቴ ከሰናይት ጎን ተቀምጬ፣ በሩ እንዳይንኳኳ የምጸልይ ይመስለኛል።

አክስቴ የመጣችው ቅጠል ሲረግፍ ነው። የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ዳላስ ካለው ባሏ ቤት አንዲት ሻንጣ ይዛ በአውቶቡስ መጥታ፣ «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አለች፤ እናቴም የባልና የሚስት ኩርፊያ መስሏት ክፍሌ ውስጥ ፍራሽ አነጠፈችላት። አባቴ ሌሊት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ በሹክሹክታ ነበር የምንኖረው፤ የእናቴ ስልክ ሲጠራ ግን ሹክሹክታውም ይቋረጥ ነበር። የሚደውለው ባልየው ነበር፤ እኔ ጋሼ ጌታቸው እለው ነበር። እናቴ ስልኩን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገብታ «እሺ፣ እመክራታለሁ፣ አይዞህ» ስትለው ይሰማን ነበር፤ አክስቴም በእጇ የያዘችውን ሳታስቀምጥ፣ ጥሪው እስኪያልቅ ባለችበት ቆማ ትቀር ነበር።

በረዶው ሲከመር የምንሄድበት ስላልነበረ ከላይብረሪ ፊልም መዋስ ጀመርን። አንድ ቀን አክስቴ፣ የአንዲት የድሮ የሆሊውድ ተዋናይት በጣም የተወደዱ ፊልሞች አንድ ላይ የታሸጉበትን ካርቶን አነሣች፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ፊት ደስ ብሏት ነበር። ስሟ ለምላሷ ስላልተመቻት «ሴትዮዋ» ብላ ጠራቻት። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ እሷ በአማርኛ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ግማሹን በእንግሊዝኛ እመልስላታለሁ። ሴትዮዋ የሀብታም ቤት ወጥ ቤት ነኝ ብላ ገብታ ሁሉን ነገር የምታሳርርበትን ፊልም ስናይ አክስቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ሁልጊዜ ከሶፋው ግራ ጫፍ ትቀመጥና ድምፁን ከፍ ታደርገው ነበር። እናቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «ኧረ ቀንሺው፣ ሰውየው ተኝቷል» ትላታለች፤ ትቀንሰዋለች፣ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ከፍ ታደርገዋለች፤ እናቴ ትቆጣለች።

ከሁሉም ይበልጥ የተወደደውን ፊልም መጨረሻ ላይ ነበር ያየነው፤ ያን ቀን እናቴም ከሥራ ኦፍ ስለነበረች አብራን ተቀመጠች። ሴትዮዋን ባሏ በእንግዶች ፊት ያዋርዳታል፣ እሷም ኮፍያዋን አድርጋ በባቡር ትሄዳለች፣ ለብቻዋ ብዙ ትንከራተታለች፣ በመጨረሻ በዝናብ ተመልሳ የዚያኑ ሰው በር ታንኳኳለች። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ምን አለችው?» አለችኝ አክስቴ።

«አይም ሆም። ቤቴ መጣሁ አለችው።»

«ይኼን ነው ሰው ሁሉ የወደደላት?»

«ምናለበት?» አለች እናቴ። «ቤቷ አይደለም እንዴ? ኩርፊያ መጨረሻ አለው፣ ሰናይት።»

አክስቴ ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ እህቶች ከሰላምታ በቀር ሳይነጋገሩ፣ አንዷ ስትገባ ሌላዋ እየወጣች፣ በረዶው ቀለጠ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገና ጫማ ስናወልቅ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ጌታቸው ነበር፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ትልቅ ኬክ ይዞ፣ የሰፈሩ ሁሉ አስታራቂ ከሆኑት ሽማግሌ ከጋሼ ታደሰ ጋር። እናቴ አልደነገጠችም፤ ያን ጊዜ እንደጠራቻቸው ገባኝ። አክስቴ ወደ ክፍላችን ገብታ የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እጄንም ያዘችኝ። ከግድግዳው ወዲያ የወንዶቹ ድምፅ ይሰማል፣ ጋሼ ጌታቸው ይስቃል። በመጨረሻ እናቴ ጠራቻት። እጄን ሳትለቅ ወጣች።

«ልጄ» አሏት ጋሼ ታደሰ፣ «እንኳን ባልና ሚስት እግርና እግርም ይጋጫል። ይኸው ከዳላስ እዚህ ድረስ ያለውን መንገድ አቋርጦ መጥቷል። ይቅር በይውና ቤትሽ ግቢ።»

አክስቴ ፊታቸውን አየች፣ እናቴን አየች። ከዚያ መዳፏን በግራ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል ቢያናግሩኝ አልሰማዎትም» አለች። «መትቶኝ ነው። ደም ፈሰሰኝ፣ ሐኪም ቤት እንዳልሄድ ደግሞ በሩን ቆለፈብኝ። ከዚያ ወዲህ አይሰማም። አልመለስም።»



«በንዴት ነው፣ አንድ ጊዜ...» ብሎ ጀመረ ጋሼ ጌታቸው፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «የመኖሪያ ወረቀቷ በእኔ ነው! እኔ ካልፈረምኩላት እዚህ አገር አንድ ቀን አታድርም!»

እናቴ ተነሣች። ልትጮህ ነው ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ኬኩን አንሥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና በሩን በሰፊው ከፈተችው። «ውጣ» አለችው። እሱ ሳይነቃነቅ ሲቀር አባቴ መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ጋሼ ታደሰ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ «ተነሥ፣ አንተ ሰው፤ እኔንም አዋረድከኝ» አሉት፣ ተያይዘውም ወጡ። በሩ ሲዘጋ እናቴ ወደ እህቷ ዞራ፣ «ድምፁን ቀንሺ ስልሽ...» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የአክስቴን ጉልበት አቅፋ አለቀሰች።

በጋው በጭንቀት አለፈ። ሰውየው እየደወለ ይዝት ነበር፤ እናቴም ታች መኪና በቆመ ቁጥር መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታይ ነበር። በነጻ የምትረዳ አንዲት ጠበቃ የአክስቴን ጉዳይ ይዛላት፣ መልሱ እስኪመጣ ክረምቱ ዞሮ ገባ፤ አክስቴ ያለ እሱ ፊርማ እንድትኖር ተፈቀደላት። እናቴ ዜናውን ስትሰማ ሥራ ቦታ እልል ብላ ሱፐርቫይዘሯ ሮጦ መጣ።

ዛሬ አክስቴ እዚያው ኮሎምበስ አጠገብ፣ ፒከሪንግተን፣ የራሷ ቤት አላት፣ ጆሮዋ ላይ ባቄላ የምታህል ማዳመጫ ታደርጋለች፣ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። እናቴም አርጅታ፣ ጋሼ ታደሰ ካረፉ ወዲህ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለማስታረቅ የምትጠራው እሷ ሆናለች። ያን እሑድ እኛ ሳሎን ቀድመው የተናገሩት ወንዶቹ ነበሩ፣ ኬኩም ጠረጴዛው ላይ ነበር። አሁን እናቴ የተጣሉ ሰዎች ቤት ስትገባ አትቀመጥም፤ ሚስቲቱን ለብቻዋ ወደ ኩሽና ወስዳ፣ በሩን ዘግታ፣ «ምን አደረገሽ?» ትላታለች፤ ከዚያም የፈለገውን ያህል ቢቆይ፣ መልሱ እስኪመጣ ዝም ብላ ትጠብቃለች።